አፍላዎ (የጋናና የቶጎ ድንበር) ላይ ለኬንቴ ጨርቅ ምን ወረቀት ይያዛል?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሎሜ፣ ቶጎ ነው። የምዕራብ አፍሪካን የጉምሩክ አሠራር የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የባለቤቴ እህት ጋና ውስጥ አጎቲሜ ክፔቶዌ ከሚባለው የሸማኔዎች ከተማ ኬንቴ የሚባለውን የጋና ባህላዊ ጨርቅ ትገዛለች። በእጅ የተሸመነ ነው። በአፍላዎ አሻግራ ሎሜ ትሸጣለች። አፍላዎና ሎሜ የተያያዙ ናቸው፤ ብዙ ነጋዴ በእግሩ ነው የሚሻገረው። አሁን ግን «የምርት መነሻ ምስክር ወረቀት ከሌለሽ ቀረጥ ክፈይ» እያሉ ጨርቁን ይይዙባታል።

እኔ እስከማውቀው በኢኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ አገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ) የነፃ ንግድ ሥርዓት፣ በአባል አገራት የተሠራ ባህላዊ የእጅ ሥራ ከቀረጥ ነፃ ነው። ወረቀቱም የሚጠየቀው ለፋብሪካ ምርት ነው። ይህን ብትነግራቸውም የሚሰማት የለም። በጋና ገንዘብ በሴዲ ገዝታ በቶጎ ገንዘብ በሴፋ ፍራንክ ነው የምትሸጠው። ሴፋው ከዩሮ ጋር ታስሯል፣ ሴዲው ግን ይዋዥቃል። ትርፏ ድሮም ቀጭን ነው፤ ቀረጥ ሲጨመርበት ምንም አይተርፋትም። ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ስለሆነ በጣም አሳስቦኛል።

የእጅ ሥራ መሆኑን ለማሳየት የሸማኔው ደረሰኝ ይበቃል? ወይስ የሸማኔዎች ማኅበር ደብዳቤ ያስፈልጋል? አቤቱታውስ የሚቀርበው ጋና ነው ቶጎ? ደንቡ በፈረንሳይኛ ያላችሁ ብትልኩልኝ አትሜ እሰጣታለሁ።