ወንድሜ በሦስት ወር ትከሻ ማውጣት ይፈልጋል፤ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 58 ኪሎ። ጂም ከጀመረ አራት ወሩ ነው። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ስልኩን አስቀመጠ ብዬ። አሁን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል።

በሳምንት ሰባት ቀን ይሠራል። ደረትና ክንድ ብቻ። እግር ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የዱቄት ዕቃ ደርድሯል፦ ፕሮቲን፣ ክሬቲን የሚሉት የጡንቻ ጉልበት መጨመሪያ፣ ሌላው ደግሞ ከስፖርት በፊት የሚወሰድ «ፕሪ ወርክአውት» የሚሉት ነው። ይኼኛውን ውኃ ሳይነካው ደረቁን አፉ ውስጥ ይገለብጠዋል። ቲክቶክ ላይ እንደዚህ ነው የሚወሰደው አለኝ። ራቱን ትቶ ፕሮቲን በጥብጦ የሚያድርበት ቀን አለ። መስታወት ፊት ከቆመ አይላቀቅም። ከቤት ሲወጣ ግን በዚያ ሙቀት ሁለት ሹራብ ደርቦ ነው። «ቀጭን ነኝ፣ ይስቁብኛል» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ከጓደኛው ጋር ስለ «ሳርምስ» ሲያወሩ ሰማኋቸው። «ስቴሮይድ እኮ አይደለም፣ ምንም አያደርግም» ይባባላሉ።

እናታችን «ብረቱ ቁመቱን ያስቀረዋል» ብላ ጂሙን ልታስተወው ነው። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ። ብረት ማንሣት እውነት ቁመት ያስቀራል? ዱቄቱ ኩላሊት ይጎዳል? ሳርምስ ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሳላስኮርፈው እንዴት ላውራው?

መልስ፦ አሠልጣኙ

እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ብረት ማንሣት ቁመት አያስቀርም። ወሬው ግን ከባዶ አልመጣም። የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ፤ አጥንት የሚረዝመው ከዚያ ነው። እሱ በአደጋ ክፉኛ ከተጎዳ የዚያ አጥንት እድገት ሊዛባ ይችላል። አደጋው ግን የሚመጣው ብረት ሲወድቅበት ወይም የማይችለውን ክብደት ተጣሞ ሲያነሣ ነው። ኳስ ሲጫወት ወድቆም ሊደርስበት ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በሥርዓቱ ከተሠራና የሚከታተል ሰው ካለ ለልጆች ጥሩ ነው ይላል። ስለዚህ ጂሙን አታስተዉት።

ጉዱ አሠራሩ ላይ ነው። ሰባት ቀን ደረት! ጡንቻ ጂም ውስጥ አያድግም። ጂም ውስጥ ጫና ነው የሚያርፍበት፤ የሚያድገው በልቶ ሲተኛ ነው። ለዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ስለ ክሬቲን ሁሉን ያውቃሉ፤ ስንት ሰዓት ተኛህ ስላቸው ይስቃሉ።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ በየመሀሉ አንድ ቀን እያረፈ። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ፑሽ አፕ፣ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ዳምቤል (የእጅ ብረት) ወደ ላይ መግፋት፣ ወደ ራስ መሳብ። በየዓይነቱ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሳይጣመም ማንሣት የሚችለውን ክብደት ይያዝ። 15ቱን በንጹሕ አሠራር ከጨረሰ ክብደቱን 10 በመቶ ያህል ይጨምር። «ማክሴ ስንት ነው?» እያሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ከባድ ብረት መሞከር የለም። እግሩንም ይሥራ። ላዩ በር፣ ታቹ የክብሪት እንጨት የሆነ ስንቱን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ብታስረጂው ደስ ይለኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ይጨምራል፣ መጠን ግን እምብዛም አይታይም። አንጎልና ነርቭ ያለውን ጡንቻ ማዘዝ እየተማሩ ስለሆነ ነው። ልጆቹ ይህን ስለማያውቁ መስታወት አይተው «አልሠራልኝም» ይላሉ፤ ዱቄት ፍለጋ የሚጀምሩትም ያኔ ነው። አንዱን ልጅ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው «እንቁላሉን በቀን ስንት ልብላ?» አለኝ።

ሌሎቹን ወሬዎች በአጭሩ፦ ሲት አፕ ማብዛት የሆድ ስብን ለይቶ አያነሣም። በማግስቱ ካላመመህ አልሠራህም ማለት ውሸት ነው። ጡንቻም ስፖርት ስላቆሙ ስብ ሆኖ አይለወጥም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መልስ፦ ፋርማሲስቷ

ስለ ዱቄቶቹ እኔ ልመልስ። ሦስቱም አንድ አይደሉም፤ በአንድ ላይ መጥላትም በአንድ ላይ ማመንም ስሕተት ነው።

ፕሮቲኑ፦ ብዙውን ጊዜ ከወተት የሚወጣ ዌይ ነው። መድኃኒት አይደለም፣ አስማትም አይደለም፤ የደረቀ ምግብ ነው። ጤነኛ ኩላሊት አይጎዳም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ብረት ለሚያነሣ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን በቂ ነው። የወንድምሽን ብናሰላው 93 ግራም አካባቢ ይመጣል። ሦስት እንቁላል 18 ግራም ይሰጣል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ መቶ ግራም የበሰለ ሥጋ 25 ገደማ። የቀረውን እህሉ ይሞላዋል። ስለዚህ ራት ትቶ ዱቄት መጠጣት ኪሳራ ነው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ የሚያስፈልገው ኃይል ሰጪ ምግብ ራቱ ላይ ነው ያለው። ኃይል ሲያንሰው ሰውነቱ ያንኑ ውድ ፕሮቲን አቃጥሎ እንደ ማገዶ ይጠቀምበታል። በነገራችን ላይ ክብደት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠውን «ማስ ጌይነር» ከጠየቀሽ፣ አብዛኛው ስኳር መሰል ነገር ነው።

ክሬቲን፦ በአዋቂዎች ላይ ብዙ የተጠና ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። መጀመሪያ የሚጨምረው አንድ ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ጡንቻ ውስጥ የገባ ውኃ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት ግን ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ የሕፃናት ሐኪሞች አይመክሩም። እኔም አልመክርም። የደም ምርመራ ካደረገ ደግሞ ክሬቲን እንደሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር። ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ክሬቲኒን የሚባለውን የኩላሊት መለኪያ ቁጥር ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

እኔን ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው። ፕሪ ወርክአውት ዋናው ነገሩ ካፌይን ነው። በአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ስሌት ለልጆችና ለወጣቶች በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይሻላል። ለእሱ 174 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢና ንገሪኝ። ደረቁን መገልበጥ ደግሞ ትንታ ያመጣል፤ ካፌይኑም በአንድ ጊዜ ይገባና ልብን ያስሮጣል።

ሳርምስ፦ «ስቴሮይድ አይደለም» የሚለው የስም ጨዋታ ነው። እንደ ስቴሮይድ ሁሉ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) በሚገባበት በር ነው። ጡንቻ ላይ ብቻ ይሠራል ተብሎ የተጀመረ ምርምር ነው፤ እስካሁን ለሽያጭ የጸደቀ የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ጉበት እንደሚጎዳና ድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እዚያው ዓመት በኢንተርኔት የተገዙ 44 ምርቶች ላቦራቶሪ ሲገቡ፣ ሳርምስ የተገኘው ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ ብቻ ነበር። ሌላው? ያልተጻፈ ሌላ መድኃኒት ያለበት አለ፣ ጭራሽ ባዶ የሆነም አለ። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ራሱ ለሰው አይደለም እያለ ነው እንግዲህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ፣ ጡንቻው አብጦ ካመመው፣ ሌላ ነገር ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። እዚህ ላይ ነው ኩላሊት የሚጎዳው።

መልስ፦ ዝም በይው

አታካብዱ። ሁላችንም በዚያ ዕድሜ አልፈናል። ሲሰለቸው ይተወዋል።

መልስ፦ የቀድሞ ችኩል

«ዝም በይው» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም ዝም ተብዬ ነበር።

16 ዓመቴ ነበር። ጂም ውስጥ የማከብረው አንድ ሰው ኪኒን ሰጠኝ። «ቫይታሚን ነገር ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ጠርጥሬያለሁ፤ አለመጠየቅን መረጥኩ። በሁለት ወር 7 ኪሎ ጨመርኩ። ያላወራኝ ሁሉ ያወራኝ ጀመር። ያ ስሜት እንዴት እንደሚጥም አልዋሽሽም።

ከዚያ ጀርባዬ በብጉር ተሞላ። በሆነ ባልሆነው ይነድደኝ ጀመር። ቀጥሎ ጡቴ ጫፍ ሥር እንደ ሳንቲም ጠንካራ እብጠት ወጣ። ፈርቼ ኪኒኑን ጣልኩት። የባሰው የመጣው ያኔ ነው። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ኪኒኑ ቴስቶስትሮን መሰል ሆርሞን (ስቴሮይድ) ነበር፤ ሰውነት ሆርሞን ከውጭ ሲገባለት የራሱን ፋብሪካ ይዘጋል። የዘር ፍሬም ያንሳል። ስታቆም የውጩ የለም፣ የራስህም ገና አልተነሣም። ለወራት ድካም፣ ድብርት፣ ምንም አለመፈለግ። 7 ኪሎውም እንደ መጣ ሄደ።

ቁመቴ በ16 ዓመቴ የነበረው ነው። ያለ ኪኒኑ ይጨምር ነበር? አይታወቅም። ሐኪሙ ያለኝ ይህን ነው፦ ከቴስቶስትሮኑ ከፊሉ ወደ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ይለወጣል። ጡት የሚያሳብጠውም፣ የአጥንቱን ጫፍ ቶሎ የሚዘጋውም እሱ ነው። እናትሽ የፈሩት ነገር አለ ማለት ነው። ብረቱ ላይ ግን አይደለም፣ ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

የሚገርመው፣ ወንድ ልጅ በዚያ ዕድሜ የራሱ ሆርሞን ያለ ክፍያ እየጨመረለት ነው። መጀመሪያ ይረዝማል፤ ጡንቻው የሚከተለው ቆይቶ ነው። እኔ መከተሉን አልጠበቅሁትም።

(የጡት ነገር ያነበበ ወጣት እንዳይደነግጥ፦ ምንም ሳይወስዱም በጉርምስና ትንሽ እብጠት የሚታይባቸው ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ካሳሰባችሁ ታዩት።)

መልስ፦ ገና 17

እኔ ከወንድምሽ በሁለት ዓመት ነው የምበልጠው፤ ስለ ሹራቡ ልንገርሽ። «ቀጭን አይደለህም» እንዳትዪው። አያምንሽም። እኔን ሲሉኝ «ለማጽናናት ነው» እያልኩ ይብስብኝ ነበር። ስለ መልኩ ምንም አትበዪ፤ ስለሚችለው ነገር ጠይቂው። ስንት ፑሽ አፕ ትሠራለህ? ስንት ፑል አፕ? ደብተር ስጪውና ይጻፍ። መስታወት በየቀኑ ይዋሻል፤ ደብተር አይዋሽም።

ሁለተኛ፣ የሚያያቸውን ሰዎች አብረሽው እዪ። ሳትሰድቢ። መብራቱን፣ ከስፖርት በኋላ ወዲያው ፎቶ መነሣቱን፣ ውኃ ሳይጠጡ መዋላቸውን አሳዪው። እኔን ያነቃኝ ሊቨር ኪንግ የሚባለው በኢንተርኔት የታወቀ ጡንቻማ ሰው ነው። ጥሬ ጉበት በልቼ ነው እንዲህ የሆንኩት ሲል ኖሮ፣ በ2022 መጨረሻ ስቴሮይድ እንደሚወስድ በራሱ ቪዲዮ አመነ። ሚሊዮኖች አምነውት ነበር፤ እኔም ጭምር። ጉበቱን ግን አልሞከርኩትም።

መልስ፦ ፋርማሲስቷ

«ገና 17» በደንብ ተናግሯል። አንድ ነገር ልጨምር። መደበቁ ከበረታ፣ ሰው መሸሽ ከጀመረ፣ አንድ ቀን ስፖርት ሲያመልጠው ከተረበሸ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግር። ጡንቻ ኖሮትም ቀጭን ነኝ ብሎ የሚሠቃይ ሰው አለ። ስም ያለው ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

ታላቅ እህት (ተመልሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቃውን አነበብኩ፤ በአንድ ማንኪያ 300 ሚሊ ግራም ካፌይን። እሱ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ነው የሚወስደው! ቁጥሩንና ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳልቆጣ ሰጠሁት። ዝም አለ። ማታ ዕቃውን ራሱ ኩሽና አምጥቶ አስቀመጠው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ለካ ለዚህ ነው።

ስለ ሳርምሱ ደግሞ «የቀድሞ ችኩል» የጻፍከውን አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ቁመቱ ስንት ነው?» ብቻ ነው ያለኝ። ክሬቲኑን ግን አልተወም። ላስጥለው?

መልስ፦ አሠልጣኙ

ከፋርማሲስቷ ጋር እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። እኔ ብሆን ለክሬቲን ብዬ ጦርነት አልከፍትም። የምትጣዪበት ከሆነ ሳርምሱ ላይ ተጣዪ።

መልስ፦ ፋርማሲስቷ

ጦርነት አላልኩም። ግን 15 ዓመቱ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን በቅጡ መሥራትና መተኛት ገና አልሞከረም። መጀመሪያ እሱን ለስድስት ወር ይሞክር። ክሬቲኑ የትም አይሄድበትም።

ታላቅ እህት

በዚህ ተስማማን፤ ስድስት ወር። ዛሬ ደብተሩን ጀመርን። ፑሽ አፕ 24፣ ፑል አፕ 2። ስኳት ያለ ብረት 40 ሠራና «ይኼ ቀላል ነው» ብሎ ሌላ 40 ጨመረ። አሁን ደረጃ ላይ ተቀምጦ መውጣት አቅቶታል። ነገስ ምን ይሥራ እያለ ነው።

መልስ፦ አሠልጣኙ

ነገ ይተኛ።