በደብር ግቢ ያለውን ባህር ዛፍ በአገር በቀል መተካት፦ ከየት እንጀምር?

ልማት ክፍል፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። የደብራችን ግቢ ጦሳ ተዳፋት ላይ ነው። ግማሹን ባህር ዛፍ ይዞታል፤ ከግርጌው የጸበል ምንጭ አለ። ባህር ዛፉን አንሥተን ወይራና ጥድ እንትከል የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «አጣናው ገቢያችን ነው፣ ችግኝ ተከላ የመንግሥት ሥራ እንጂ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። ለምእመናን ምን ብለን እናስረዳ? ሥራውንስ ከየት እንጀምር?

መምህር ዘወሎ
«ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ በዔድን ገነት አኖረው» (ዘፍ. 2፥15)። ይህ ሥራ ለሰው የተሰጠው ከበደል በፊት ነው፤ መንግሥትም ዘመቻም ሳይኖር። ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ዘዳ. 20፥19ን ያንብብ፦ ከተማ ከብበው ሲዋጉ እንኳ የፍሬ ዛፍ በምሳር እንዳይቆረጥ ተከልክሏል።

የገቢውን ነገር አታጣጥሉት፣ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ዘሌ. 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት ትረፍ ሲል የአንድ ዓመት አዝመራ እንደሚቀር ታውቆ ነው። ትእዛዙ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ከመጀመሪያውም አልተደበቀም። ባህር ዛፉንም እንደ ርኩስ አትቁጠሩት፤ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየዋለ ስንቱን ወይራ ከምሳር አትርፏል። ጥያቄው የቆመበት ቦታ ነው።

የደን ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
ሁሉንም በአንድ ዓመት እንዳትቆርጡ! ተዳፋት ላይ አፈሩን የያዘው እሱ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ቦርከና ይከተዋል። ተዳፋቱን አግድም በጠባብ መደብ ከፋፍሉና በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አንዱን መደብ ብቻ አንሡ። መጀመሪያ የሚነሣው ምንጩን የከበበው ነው፤ ውኃውን የሚሻማው እሱ ነውና። የቀረው አጣና መስጠቱን ይቀጥላል፣ የገቢውም ክርክር ይበርዳል።

ጉቶውን አትንቀሉ፣ አፈሩን ይፈታዋል። ከመሬት አስጠግታችሁ ቁረጡ፣ ልጡን እስከ ሥሩ አንገት ላጡት፤ የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ ጉልበት ሳይደርስ ስበሩት። አንድ ሁለት ዓመት ካልተሰለቸ ጉቶው ይደክማል። አንድ ክረምት ከተዘለለ ግን ችግኙን ውጦ ተመልሶ ጫካ ይሆናል።

ዝርያ፦ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ጥድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ እርጥበት ባለበት ደግሞ ኮሶ ይስማማታል። ዋንዛ ለኛ ለኮምቦልቻ ይሻላል። ጥድ ብርሃን ይፈልጋል፣ ባዶው መደብ ላይ ይተከል። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ስለሚችል ባልተቆረጠው ጠርዝ ሥር ሊገባ ይችላል።

ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተከላው አንድ ወር ቀድሞ ይቆፈር፤ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል ሥሩ ላይ ይመለስ። በ3 ሜትር ርቀት ከሆነ ለሄክታር 1,100 ገደማ ችግኝ ይበቃል። ከታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ይከተርለት፣ ውኃ ይይዛል።

በበልግ ዝናብ አትታለሉ። ሚያዝያ ላይ የተተከለ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ አፈሩ ጠልቆ ሲርስ ነው ጊዜው። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይቀደድ፤ ከነላስቲኩ የተቀበረ ሥር እየተጠመጠመ ራሱን ያንቃል፣ ችግኙ ሁለት ዓመት ደህና መስሎ ቆይቶ ነው የሚወድቀው።

ዐጸድ ጠባቂ
ከላይ የተባለው ሁሉ ያለ አጥር ከንቱ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ከብት የሚገባበት ደን አሮጌ ዛፍ ይኖረዋል እንጂ ተተኪ አይኖረውም። እዚያ ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ካብ አድርጎ ደኑን አጠረ፣ ቡቃያውም ተመለሰ። በኛም አገር ድንጋይ ሞልቷል። ለበዓል የሚመጣ የስለት በግ ሳይቀር ከአጥሩ ውጭ ይታሰር።

ችግኙን ለየጽዋ ማኅበሩ በቁጥር አከፋፍሉ፤ የሁሉ የሆነ ችግኝ ውኃ አያገኝም። ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት አንድ ጀሪካን ለሁለት ችግኝ። ከጸበል የሚተርፈውን ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ፣ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ አፉን ወደ ታች ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ይገባል። ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካ፤ ምስጥ ይጠራል።

ልማት ክፍል፣ ደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከምንጩ መደብ እንጀምራለን። ኮሶ አንድ ሁለት ብቻ ብንተክልስ?

የደን ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ ለየብቻ ነው። ሁለት ብቻ ከተከላችሁ ሁለቱም ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ዘር አታገኙም። ስምንት አሥር አድርጋችሁ ተቀራርበው ይተከሉ።