ጥሩር ለብሶ በመርከብ ላይ፦ ለባሕር ጨዋታችን ምን ዓይነት ሕግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሸራው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ማታ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ዳይስ እየወረወረ የሚጫወተው ጨዋታ) እንጫወታለን፤ መሪው እኔ ነኝ። ሕጉን የወሰድነው ከዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ሲሆን ዓለሙን ግን ራሳችን ፈጥረነዋል፤ ደሴቶች፣ የባሕር ወንበዴዎች፣ አስማተኞች፣ በሸራና በመቅዘፊያ የሚሄዱ መርከቦች ያሉበት ዓለም ነው።

የተቸገርኩት በጥሩር ጉዳይ ነው። አንዱ ተጫዋች ለጦረኛው ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ሙሉ የብረት ጥሩር ገዛለት። ከዚያ ወዲህ ጦረኛው ሲበላም፣ ዘብ ሲቆምም፣ ገመድ ሲስብም አያወልቀውም። የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ከባድ ጥሩር ተደብቆ መንቀሳቀስን እንደሚያከብድ ይናገራል እንጂ በዋና ላይ የሚጥለው ቅጣት የለም። ሌላዋ ተጫዋች ደግሞ «በባሕር ላይ ጥሩር የሚለብስ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ውሃ ውስጥ የገባ ዕለት አለቀለት» ትላለች፤ ጨርሶ እንዲከለከልም ትፈልጋለች። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው በዚህ ክርክር ተቋረጠ።

እውነቱ የቱ ነው? በባሕር ጦርነት ጥሩር ይለበስ ነበር? ለባሹ ቢወድቅስ ምን ይሆናል? ጦረኛውን ከንቱ የማያደርግ፣ ባሕሩንም የማያቃልል ሕግ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የድሮ ቀዛፊ

ይለበስ ነበር፤ ያውም በብዛት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1571 በግሪክ አጠገብ በተካሄደው የሌፓንቶ የባሕር ጦርነት የስፔንና የቬኒስ ወታደሮች ከኦቶማን ቱርኮች ጋር የተዋጉት የደረት ብረትና የራስ ቁር አድርገው ነው። ከኦቶማን ወገን ብዙዎቹ ጥሩር አልነበራቸውም፤ መርከብ ከመርከብ ተጣብቆ እጅ በእጅ ሲያያዙ ይህ ብዙ ሰው አስከፍሏቸዋል። በዚያ ዘመን የባሕር ውጊያ ማለት በአብዛኛው ወደ ጠላት መርከብ ተሻግሮ መጋደል ነበር። ወለሉ ጠባብ ነው፣ መሸሻ የለም፣ ፍላጻና ጥይት ከቅርብ ይዘንባል። እዚያ የቆመ ሰው ከመስጠም በፊት የሚያስፈራው ሌላ ብዙ ነገር ነበረው።

ከዚሁ ጦርነት አንድ ነገር ላንሳ፤ ለጨዋታችሁም ይጠቅማል። የግራውን ክንፍ የመራው የቬኒሱ አዛዥ አጎስቲኖ ባርባሪጎ ትእዛዙ በጩኸቱ መካከል እንዲሰማለት የራስ ቁሩን የፊት መከለያ ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ፍላጻ መጥቶ ዓይኑን መታው፤ በዚያው ቁስል ሞተ። እንግዲህ ፊቱን የሸፈነ አዛዥ ድምፁ አይሰማም፤ ድምፁ እንዲሰማ የፈለገ ፊቱን ይገልጣል። ይህን ምርጫ ለተጫዋቹ ስጠውና ምን እንደሚያደርግ ተመልከት።

ይሁን እንጂ በመርከብ ላይ ያለ ሁሉ አይለብስም። በአምስተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቴናውያን የጦር መርከብ ላይ 170 ቀዛፊዎች ሲኖሩ ከባድ ትጥቅ የነበራቸው ተዋጊዎች 10 ገደማ፣ ቀስተኞች ደግሞ 4 ገደማ ነበሩ። ቀዛፊው ብረት ለብሶ አይቀዝፍም፤ ሸራ የሚያወጣውም ለብሶ ምሰሶ አይወጣም። ለባሾቹም ቢሆኑ የሚለብሱት ውጊያ ሲቃረብ ነው።

ስለዚህ ሕግህን በጊዜ ላይ መሥርተው። ባሕር ላይ ጠላት ከሩቅ ይታያል፤ ሸራው ከታየ በኋላ ለመድረስ ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል። በመጽሐፋችሁ ከባድ ጥሩር ለመልበስ 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥርት ያለ ቀን ለጦረኛው ይስማማዋል፤ ጭጋግ፣ ሌሊትና ከተራራ ጀርባ የተደበቀ ወንበዴ ግን በሸሚዙ ይይዙታል።

መልስ፦ ጥልቁ

ዋና አስተምራለሁ፤ ስለ ውሃው እኔ ልመልስ።

የ15ኛው መቶ ዘመን ሙሉ ጥሩር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። 20 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ ገብቶም ቢሆን 17 ኪሎ ተኩል ያህል ወደ ታች ይጎትታል፤ ውሃው የሚያቃልለው ጥቂት ነው። መዋኘት ለሚችል ሰው የሚሰጠው የተለመደ የማንሳፈፊያ ሰደርያ ደግሞ 50 ኒውተን፣ ማለትም 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ያነሳል፤ ሰውን ከውሃ በላይ ለማቆየት ያ ይበቃል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ሙሉ ጥሩር የለበሰ ሰው ክንዱ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ወደ ታች ይሄዳል። 10 ኪሎ የሚሆን የብረት ቀለበት ሸሚዝም ያው ነው።

የደረት ብረት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስትና አራት ኪሎ ጎበዝ ዋናተኛን ያደክማል እንጂ ወዲያው አያሰጥምም። የሕይወት አድን ሠልጣኞች 4 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጡብ ከገንዳ ሥር አውጥተው ይዘውት ይዋኛሉ። ስለዚህ ገመድ እስኪወረወርለት ጊዜ አለው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በድርብርብ ጨርቅ የተሰፋ ጥሩር ሲርስ ያሰጥማል ይባላል። ጨርቁ የጠጣው ውሃ እዚያው ውሃ ውስጥ ሳለ አይከብድም። የሚከብደው ሰውየው የገመድ መሰላል ይዞ ከውሃው ሲወጣ ነው፤ ያኔ የጠጣው ሁሉ በትከሻው ላይ ይንጠለጠላል። በዳይስ የሚወረወረውን ፈተና መዋኘት ላይ ሳይሆን መውጣት ላይ አድርጉት።

በመጽሐፉም ስሌት ቢሆን ጦረኛው አይተርፍም። የጽናት ተጨማሪው (ለገጸ ባሕርዩ የሰውነት ጥንካሬ የሚሰጠው ቁጥር) 2 ከሆነ ትንፋሹን ለ3 ደቂቃ ይይዛል፤ ከባድ ጥሩር ለማውለቅ ግን 5 ደቂቃ ያስፈልጋል። የሚረዳው ካገኘ 2 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ስለዚህ ጠልቆ የሚደርስለት ጓደኛ ካለው ለጥቂት ይተርፋል። ብቻውን ከሆነ ማሰሪያዎቹን መቁረጥ አለበት። የደረት ብረት የሚያያዘው በትከሻና በጎን ባሉ የቆዳ ጠፍሮች ነው፤ የራሰ ቆዳ በቀዘቀዙ ጣቶች አይፈታም። ቢላዋው በቀኝም በግራም እጅ እንዲደረስበት ደረት ላይ ይታሰር። ቢላዋውን ከወገቡ በስተጀርባ ያደረገ ተጫዋች ያንን ቀድሞ መጻፍ አለበት።

መልስ፦ ዳኛው

በቁጥሮቹ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ዳይስ ውርወራ የወራት ገጸ ባሕርይ እንዲሞት አልፈልግም። ባሕሩ የሚቀጣው ጥሩር ለባሹን ብቻ እንዲሆንም አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1545 የእንግሊዙ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ሲሰጥም ከመቶዎች መካከል የተረፉት ከ35 ያነሱ እንደሆኑ ይነገራል። ጠላት እንዳይሻገር ከወለሉ በላይ የተዘረጋው መረብ የራሳቸውን ሰዎች ከሥሩ ይዞ አስቀራቸው። ጥሩር ያልለበሰውም እኩል ሞቷል።

እኔ የምመክረው በደረጃ እንዲሆን ነው። የወደቀው ሰው መጀመሪያ የመርከቡን ጠርዝ ወይም ገመድ ለመያዝ ዕድል ይሰጠው። ካልያዘ በየተራው ወደ ታች ይውረድ፤ ጓደኞቹም በየተራው አንድ ነገር ማድረግ ይቻላቸው። ገመድ መወርወር፣ መጥለቅ፣ አስማት፣ ማንኛውም ነገር። እንዲህ ሲሆን ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ይሳተፋል።

መልስ፦ ደሴተኛዋ

ሁላችሁም ስለ አውሮፓ ብረት ብቻ ነው የምታወሩት። ዓለማችሁ የደሴቶች ዓለም ከሆነ የደሴት ሰዎች የለበሱትን ተመልከቱ። በፓስፊክ ውቅያኖስ የኪሪባቲ ሰዎች ከኮኮናት ቃጫ ጥቅጥቅ አድርገው የጎነጎኑት ጥሩር ነበራቸው፤ የራስ ቁራቸው ውሃ ስቦ ከሚነፋ እሾሃማ ዓሣ ቆዳ የተሠራ ነው። የጠላት መሣሪያ ጠርዙ በሻርክ ጥርስ የታሰረ እንጨት ስለነበር ለዚያ የሚሆን መከላከያ ነው። በደቡብ ፊሊፒንስ ደግሞ የሞሮ ተዋጊዎች ከጎሽ ቀንድ የተቆረጡ ሳህኖችን በነሐስ ቀለበት አያይዘው ይለብሱ ነበር። ቀንድ አይዝግም፤ ነሐስም እንደ ብረት አይበላም።

ብረት የሚለብሰው ጦረኛ ደግሞ የዝገት ሥራ ይኑረው። የባሕር አየር ጨው ነው፤ ዘይት ወይም ሞራ በየጊዜው ካልተቀባ ቡናማ ይሆናል። የቀለበት ጥሩር ድሮ የሚጸዳው ከአሸዋና ከኮምጣጤ ጋር በርሜል ውስጥ ከትቶ በማንከባለል ነበር። ሙቀቱንም አትርሱ። የምጽዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው እኩለ ቀን ላይ ከብረት ሥር ወፍራም የጨርቅ ሽፋን መልበስ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ለብሶ የዋለ የድካም ደረጃ ይጨመርበት፤ ይህ ብቻውን ጦረኛውን ያስወልቀዋል።

የጠያቂው ምላሽ፦ የሸራው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለቅዳሜ ያዘጋጀሁት ይህ ነው። ጥሩር አይከለከልም። ለብሶ የዋለ ማታ ላይ የድካም ፈተና ይወረውራል። ሙሉ ጥሩር ለብሶ የወደቀ ጠርዝ ለመያዝ አንድ ፈተና አለው፤ ከዚያ በየተራው ሦስት ሜትር ይወርዳል። ቢላዋ በእጁ ከገባ በአንድ ተራ አንድ ጠፍር ይቆርጣል፤ አራት ጠፍር ሲቆረጥ የደረቱ ብረት ይወድቃል። የደረት ብረት ብቻ የለበሰ በየተራው ይፈተናል እንጂ ወዲያው አይሰጥምም። የቀንድ ጥሩሩንም በሚቀጥለው ደሴት ገበያ ላይ አስቀምጣለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ጠላት በድንገት ሲመጣ ጦረኛው ከፊሉን ብቻ መልበስ ይችላል?

መልስ፦ የድሮ ቀዛፊ

ይችላል፤ እኔ ብሆን እፈቅድለታለሁ። የራስ ቁር ለማድረግ አንድ ተራ፣ የደረት ብረት በጓደኛ እርዳታ ለማሰር አንድ ደቂቃ ስጠው። የክንዱና የእግሩ ብረት ይቅርበት፤ ለተሻገረ ውጊያ ጭንቅላትና ደረት ዋናዎቹ ናቸው፤ ቢወድቅም የመትረፍ ዕድል ይኖረዋል። የመከላከያ ነጥቡን (እሱን ለመምታት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየውን ቁጥር) በሙሉ ጥሩርና በቆዳ ጥሩር መካከል አድርገው፤ 14 ይበቃዋል። ያንን አንድ ደቂቃ ማን እንደሚያስገኝለት ግን ቀድመህ አስብ፤ ምሰሶ ላይ ወጥታ የምትቃኘውን ገጸ ባሕርይ ለዚያች ለተቃወመችው ተጫዋች ስጣት።