«ከአልኮል ነፃ የሆነ ኩል» ይባላል ወይ?

ብሌን፦ የመዋቢያ ዕቃ ማሸጊያ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። ዕቃው እንደ እርሳስ ተቀርጾ ዓይን የሚኳሉበት ነው። «ከአልኮል ነፃ የሆነ ኩል» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ግን «ኩል ድንጋዩ ነው እንጂ እርሳሱ አይባልም» አለችኝ። እናንተስ?

ግሥ ወዳድ፦ እህቴ፣ ሳታውቂው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፈሻል! እንግሊዞች አልኮልን ያገኙት ከዐረብኛው «አል ኩሕል» ነው፤ በላቲን በኩል ዞሮ ደረሳቸው። «አል» እንደ አልጄብራ አብሮ ተለጥፎ ቀረ። የእኛው ግዕዝ ኵሕል የዐረብኛው ወንድም ነው። ላህም ሃሌታውን ጥሎ ላም እንደሆነ ሁሉ ኵሕልም ሐመሩን ጥሎ ኩል ሆነ።

የጅማው፦ አይዋጥልኝም። ኩል ዓይን ያሳምራል፣ አልኮል ዓይን ያጨልማል። እኔ የሰማሁት አልኮል የመጣው ከዐረብኛው «ገውል» ነው፤ አእምሮ የሚያስት ጉዳት ማለት ነው። ቁርኣን የገነትን መጠጥ ሲገልጽ ገውል የለበትም ይላል።

ኬሚስቷ፦ እሱ ድምፁ ስለሚቀርብ ነው። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ሲገባ ከስካር ጋር አይገናኝም፤ የላመ ዱቄት ማለት ነበር። አያቴ ኩል ስታዘጋጅ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። ድንጋዩን ትወቅጣለች፣ በነጠላ ጫፍ ትነፋዋለች፣ ከነጠላው ያለፈውን ብቻ በመኳያ ታነሳለች። የቀረው ይደፋል። የአውሮፓ አልኬሚስቶችም፣ የድሮዎቹ ኬሚስቶች፣ ተጣርቶ የወጣውን ምርጡን ነገር ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩ ጀመር። ከእነሱ አንዱ፣ ሐኪሙ ፓራሴልሰስ፣ ከወይን ጠጅ የሚነጠረውን «የወይን አልኮል» አለው። በኋላ «የወይን» የሚለው ወደቀና አልኮል ብቻውን ቆመ። ከገውል ከመጣ ዱቄቱን ምን ልታደርገው ነው?

የሐይፋው፦ ዕብራይስጥም ላይ አለ። ሕዝቅኤል 23፥40 ላይ «ተኳልሽ» የተባለው ከዚሁ ሥር ነው። ዛሬ እዚህ እስራኤል «ካሖል» ማለት ሰማያዊ ነው።

የጅማው፦ ሰማያዊ? ኩል ጥቁር አይደል እንዴ?

ግሥ ወዳድ፦ ቀለሙ ይቆየን። ዋናው ነገር ግሡ ይቀድማል ወይስ ስሙ? ግሡ ነው። ኰሐለ ካልተባለ ኵሕል ከየት ይመጣል?

ኬሚስቷ፦ ስሙ ነው እንጂ! ድንጋዩ ሳይገኝ ሰው በምን ይኳላል?

ግሥ ወዳድ፦ ቅኔ ቤት ገብቼ ግሥ ስገሥሥ ነው ያደግኩት። በዚህስ ከእኔ ጋር ባትከራከሪ።

ኬሚስቷ፦ አከብርዎታለሁ፣ ግን ድንጋዩ ቅኔ ቤት አልገባም።

ብሌን፦ ኧረ እባካችሁ! ማተሚያ ቤቱ ነገ ጠዋት ይፈልገዋል። እርሳሱን ኩል ልበለው ወይስ አልበለው?

የሐይፋው፦ ራእይ 3፥18ን እይው። ግሪኩ ላይ ያለው «ኮሉሪዮን» የዓይን መድኃኒት ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ኩል ብለውታል። መድኃኒቱን ካሉት እርሳሱን ምን ይከለክለዋል?

ግሥ ወዳድ፦ ቆይ ቆይ። ኮሉሪዮን ራሱ ከኵሕል አይሆንም? ድምፁን እስቲ አዳምጡት!

ኬሚስቷ፦ አይገናኝም። «ኮሉራ» በግሪክ የዳቦ ዓይነት ነው። መድኃኒቱ እንደ ትንሽ ሙልሙል ተድቦልቡሎ ስለሚሠራ ነው እንደዚያ የተባለው።

ግሥ ወዳድ፦ ሙልሙል ካልሽ ደግሞ፣ እሱ ራሱ ሥሩ ምን ይመስልሻል?