ክርክር፦ የተማሪን ውፍረት በሚዛን ወይስ በክር?

መነሻ፦ በአራዳና በቂርቆስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በዓመት አንዴ ይለኩ ከተባለ፣ ቢኤምአይ (ክብደትን ለቁመት፣ የመጣውን እንደገና ለቁመት አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር) ይሻላል ወይስ የወገብ ልኬት?

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦ ወገብ። ቢኤምአይ ጡንቻንና ስብን አይለይም፤ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚከማቸው ስብ ነው። የማይለጠጥ ክር በልጁ ቁመት ልክ ቆርጦ ለሁለት ማጠፍ ነው። የታጠፈው ክር ወገቡን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ካልገጠመ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ አልፏል። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከ5 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ያስቀመጠው ወሰንም ይኸው 0.5 ነው።

የትምህርት ቤት ነርስ (ፒያሳ)፦ ክሩ የት ይዞራል? አንዱ እምብርት ላይ፣ ሌላው ቀበቶ ላይ ያዞረዋል። ቦታው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መሀል ነው፤ ልጁ ሆዱን ሳይስብ፣ ትንፋሹን አስወጥቶ ሲጨርስ፣ ከምሳ በፊት። ደግሞ ክር የከሳውን ልጅ አያሳይም። አንድ ክፍል ውስጥ የከሳም የወፈረም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት የ5–19 ዓመት ሠንጠረዥ፣ ከእኩዮቹ መካከለኛ ምን ያህል እንደራቀ በሚያሳየው መለኪያ (ስታንዳርድ ዲቪየሽን) ቢኤምአዩ ከ+1 ካለፈ ክብደቱ በዝቷል፣ ከ+2 ካለፈ ውፍረት ነው፣ ከ−2 ከወረደ ቅጥነት ነው።

የስፖርት መምህር (አራት ኪሎ)፦ ሲስተር፣ ሠንጠረዡስ ልክ ነው፤ የሚያሳስተው ቁመቱ ነው። 10 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ 43 ኪሎ፣ 140 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 43ን ለ1.40፣ የመጣውን እንደገና ለ1.40 ብናካፍል 21.9 ይመጣል። ለዕድሜው የ+2 ወሰን 21.4 ስለሆነ ውፍረት ነው። ጫማውን ሳያወልቅ 143 ቢነበብስ? 21.0 ሆኖ ያመልጠናል! አናት ላይ የተጎነጎነ ሹሩባም ያው ነው። ሚዛኑም ሊሾ ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ።

የትምህርት ቤት ነርስ፦ ዕድሜውንም ጨምሩበት። ልደቱ 12/5/2008 ተብሎ ይመዘገባል። 5ኛው ወር ጥር ነው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይር ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ወሩን እንዳለ የሚተው መዝጋቢ ግን ሜይ ያደርገዋል፣ ልጁም በ4 ወር ገደማ ያንሳል። ሠንጠረዡ የሚነበበው በወር ነው። የልደቱንም የልኬቱንም ቀን በአንድ አቆጣጠር ጽፎ መቀነስ ያስፈልጋል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ እኔም ለዚሁ ነው ክር ያልኩት፤ ዕድሜ አይጠይቅም።

የሕፃናት ሐኪም (ስታዲየም)፦ በጤና ጣቢያ ያለውን የክንድ ሜትር እንጠቀም የሚሉም አሉ። የእሱ 11.5 እና 12.5 ሴንቲ ሜትር ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት የምግብ እጥረት የተቀመጡ ወሰኖች ናቸው፤ ለ10 ዓመት ልጅ ውፍረት አያገለግሉም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ኪሎው በክፍል ጓደኞቹ ፊት ጮክ ተብሎ መነበቡ ነው። ለዚያ ልጅ ስድብ ይሆንበታል። በመጋረጃ ጀርባ፣ አንድ በአንድ ይለካ፤ ቁጥሩ ለወላጅ በታሸገ ፖስታ ይሂድ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ዶክተር ባሉት እስማማለሁ። እንግዲያው ትምህርት ቤቱ ቁመትና ክብደት ብቻ ይውሰድ፣ ክሩን ወላጅ እቤት ይሞክረው።

የትምህርት ቤት ነርስ፦ ወላጅማ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው የሚያነሳው፤ ያረጀ ሜትር ደግሞ ይለጠጥና ወገቡን አሳንሶ ያሳያል። በብረት ማስመሪያ ካልተመሳከረ አልቀበለውም።