48 ወይስ 84? የመልስ ቁልፉ ተሳስቶ ከሆነ ዛሬ ማታ ንገሩኝ

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የ12ኛ ክፍል ሞዴል ፈተናችን ከነገ ወዲያ ጠዋት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ለመለማመጃ ብዬ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁት የሒሳብ ጥያቄ ወረቀት በመጨረሻው ገጽ ላይ የመልስ ቁልፍ አለው፤ ሆኖም ቁልፉ በስሕተት የተሞላ በመሆኑ ልተማመንበት አልቻልኩም። አንደኛው ጥያቄ ከ12 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ኳስ መሬት በነካች ቁጥር ከወደቀችበት ከፍታ 3/4ኛውን ትነጥራለች ይላል። 12ን ከ1 ላይ 3/4 ሲቀነስ ለሚቀረው 1/4 ሳካፍል 48 አገኘሁ፤ ቁልፉ ግን 84 ይላል። የጻፈው ሰው ሁለቱን አኃዞች እንዳገላበጣቸው ግልጽ ነው። ሁለተኛው የሊሚት ጥያቄ ሲሆን፣ ላዕሉ «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1»፣ ታሕቱ «ኤክስ ሲደመር 3» ሆኖ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ስንት ይሆናል ይላል፤ እኔ 4 አገኘሁ፣ ቁልፉ 1 ይላል። ሦስተኛው፣ የአንድ ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) ዲተርሚናንት፣ ማለትም ከቁጥሮቹ የሚሰላው አንድ ዋጋ፣ 5 ከሆነ ማትሪክሱ በ2 ሲባዛ ዲተርሚናንቱ ስንት ነው ለሚለው እኔ 10 ስል ቁልፉ 40 ይላል። አራተኛው ደግሞ 3፣ 7፣ 11 እያለ የሚሄደው ተከታታይ የመጀመሪያዎቹ 20 ተርሞች ድምር ሲሆን፣ የእኔ መልስ 820፣ የቁልፉ 79 ነው። ትክክለኛው ቁልፍ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ፤ ኔትወርኩ እስካለ ድረስ እጠብቃለሁ።

የቢቸናው፦
ወንድሜ፣ ጎጃም ተቀምጠህ ሰሙን ብቻ ይዘህ ወርቁን ጥለኸዋልና የቅኔ መምህር አጠገብህ አለመኖሩ በጀህ። 48 ሰሙ ነው። ጥያቄው የጠየቀው ምን እንደሆነ ግን አልጻፍክልንም፤ ኳሷ ወደ ታች የወደቀችውን ርቀት ብቻ ነው ወይስ ወደ ላይ የነጠረችውንም ጭምር?

መምህር ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ልጄ፣ ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልበልህና ቅር አይበልህ። ብዙ ተማሪ ፈተና ሲቃረብ የጥያቄ ወረቀት እየገዛ ከቁልፍ ጋር ማመሳከርን እንደ ጥናት ይቆጥረዋል፤ መልሱ ከቁልፉ ጋር ከገጠመ ዐወቅሁ ይላል፣ ካልገጠመ ደግሞ ቁልፉን ይወቅሳል፤ በሁለቱም መንገድ የራሱን አሠራር ሳይመረምር ያልፋል። የሀገር አቀፉ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለዚያ ውጤት ብዙ ምክንያት ቢደረደርም፣ እኔ በክፍል ውስጥ ዘወትር የማየው ግን ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ አለመመርመሩን ነው። ከዘረዘርካቸው ጥያቄዎች ቢያንስ ሁለቱ ይህንኑ ጠባይ ለማጋለጥ የተዘጋጁ ናቸው።

ባለ አቋራጩ፣ ከደጀን፦
መምህር፣ ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ የቀረው አንድ ቀን ነው። ለኳስ ጥያቄ አቋራጩ ይህ ነው፦ በ1 ላይ ሬሾውን፣ ማለትም 3/4ን፣ ደምር፣ ከ1 ላይ ሬሾውን ቀንስ፣ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው አካፍልና በከፍታው አባዛ። 7/4 ለ1/4 ሲካፈል 7 ነው፤ 7 በ12 ሲባዛ 84 ይሆናል። ቁልፉ ትክክል ነው።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ጥያቄው «ኳሷ እስክትቆም ድረስ የተጓዘችው ጠቅላላ ርቀት» ይላል፤ ግልጽ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ሁልጊዜ 3/4ኛውን የምትነጥር ከሆነ መቼም አትቆምም፤ የማትቆም ኳስ ደግሞ ጠቅላላ ርቀት ሊኖራት አይችልም።

እታለም፣ ከሞጣ፦
ወደ ታች የሄደችበትንና ወደ ላይ የሄደችበትን ለየብቻ አስልተህ ደምራቸው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግህም። ወደ ታች 12፣ 9፣ 6.75 እያለ ይሄዳል፤ ድምሩ ያንተው 48 ነው። ወደ ላይ ግን ከ9 ነው የሚጀምረው፤ 9 ለ1/4 ሲካፈል 36 ነው። 48 እና 36 ሲደመሩ 84 ይሆናሉ። አንተ የመጀመሪያውን ግማሽ በትክክል ሠርተህ እዚያው ላይ ቆመሃል።

መምህር ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
የእታለም አሠራር ከአቋራጩ ይሻላል፤ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ። ፈታኙ «እስክትቆም ድረስ» የሚለውን አውጥቶ «ለሦስተኛ ጊዜ መሬት እስክትነካ ድረስ» ቢልበት የደጀኑ ወንድማችን አቋራጭ ወዲያው ይከዳችኋል። በእታለም መንገድ ግን ወደ ታች ሦስት ጊዜ 12፣ 9 እና 6.75፣ ወደ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ 9 እና 6.75 ትደምሩና 43.5 ሜትር ታገኛላችሁ። ጠያቂው «አትቆምም» ያለው ነገር ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ እንዲያውም ከጠየቀው ሁሉ የበለጠ ጥሩው ጥያቄ እሱ ነው። ንጥረቱ በቁጥር ማለቂያ የለውም፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ንጥረት ከበፊቱ ያጠረ ጊዜ ስለሚወስድ ጊዜውም እንደ ርቀቱ ሬሾው ከ1 ያነሰ ጂኦሜትሪክ ተከታታይ (እያንዳንዱ ቁጥር የበፊቱ በአንድ ቋሚ ሬሾ ተባዝቶ የሚገኝበት) ይሆንና ድምሩ ውስን ነው። በፊዚክስ የተማራችሁትን የነፃ ውድቀት ቀመር ይዛችሁ ብታሰሉት፣ ይህች ኳስ በ22 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ጉዞዋን ሁሉ ትጨርሳለች። ስለዚህ ጥያቄው ትክክል ነው።

ባለ አቋራጩ፣ ከደጀን፦
መምህር፣ በፈተና ላይ ስለ 22 ሰከንድ የሚጠይቅ የለም፤ አቋራጩ ደግሞ በ22 ሰከንድ ያሠራል።

ከቡሬ፦
ወደሌሎቹ እንለፍ። በሊሚቱ ላይ 4 ያገኘኸው ላዕሉንና ታሕቱን ለየብቻ ዴሪቫቲቭ (የለውጥ መጠን) አውጥተህ ይመስለኛል፤ የላዕሉ 2 ጊዜ ኤክስ፣ የታሕቱ 1 ስለሚሆን 2ን ስትተካ 4 ይመጣል። ይህ የሎፒታል ሕግ የሚባለው ሲሆን፣ የሚሠራው በቀጥታ ስትተካ 0 ለ0 ወይም ወሰን የለሽ ለወሰን የለሽ ሲመጣብህ ብቻ ነው። እዚህ ላይ 2ን ብትተካ ላዕሉ 5፣ ታሕቱም 5 ነው፤ መልሱ 1 ሆኖ አልቋል። ማንኛውም ሊሚት ሲገጥምህ መጀመሪያ ተካ፤ ታሕቱ ዜሮ ካልሆነ እዚያው ጨርሰሃል።

በዲተርሚናንቱ ላይ ማትሪክሱ ስንት በስንት እንደሆነ አልነገርከንም፤ ቁልፉ 40 ካለ ግን 3 በ3 መሆን አለበት። ማትሪክስን በ2 ማባዛት ማለት እያንዳንዱን ረድፍ በ2 ማባዛት ነው፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ 2 ስለሚወጣ በሦስት ረድፍ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2፣ ማለትም 8 ይሆናል፤ 8 በ5 ደግሞ 40 ነው። ከተጠራጠርክ በሰያፉ ላይ ሦስት 1 ብቻ ያለውን፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ የሆነውን ማትሪክስ ወስደህ ሞክረው፤ ዲተርሚናንቱ 1 ነው፣ በ2 ስታባዛው ሰያፉ 2፣ 2፣ 2 ይሆንና ዲተርሚናንቱ 8 ይመጣል። ማትሪክሱ 2 በ2 ቢሆን ኖሮ መልሱ 20 ይሆን ነበር፤ 10 ግን በሁለቱም አይመጣም።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
3 በ3 ነው፤ ዘልዬው ነው። ሎፒታልን ያሳየኝ አስጠኚ ለሁሉም ሊሚት ይሠራል ብሎኝ ነበር። እሺ፣ ሦስቱን ተቀብያለሁ፤ አራተኛውስ?

ዘደምበጫ፦
አራተኛው ይቆየንና እኔ የምከራከረው በነገሩ መነሻ ላይ ነው። ማን እንዳዘጋጀው ያልተጻፈበትን ወረቀት ገዝተህ ሌሊቱን ቁልፉን ስታርም ከምታድር መማሪያ መጽሐፉን ብትከፍት አይሻልም? በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀው የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አምስት ምዕራፍ ነው፤ ተከታታዮች፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና ሒሳብ በንግድ ሥራ። ማትሪክስና ዲተርሚናንት 11ኛ ክፍል ላይ ናቸው። ወረቀትህ ውስጥ የኮምፕሌክስ ቁጥር ወይም የሒሳብ ማረጋገጫ ጥያቄ ካየህ ከድሮው መጽሐፍ ተቀድቶ የመጣ ነውና ዝለለው።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
መጽሐፉ ለክፍላችን በበቂ አልደረሰም፤ ለሦስት አንድ ነው የያዝነው፣ ዛሬ ተራው የእኔ አይደለም። በስልክ ላወርደው ብሞክርም መሐል ላይ ይቋረጣል። በወረቀቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ የኮምፕሌክስ ቁጥር አለ።

ዘደምበጫ፦
እንግዲያውስ ያንን ገጽ ገንጥለህ ራፍ ወረቀት አድርገው፤ ጀርባው ባዶ ከሆነ ገንዘብህ ሙሉ በሙሉ አልባከነም።

እታለም፣ ከሞጣ፦
ኳሷን በተመለከተ አሁንም የምለው ያንኑ ነው፤ ወደ ታችና ወደ ላይ ለየብቻ።

ከአማኑኤል፦
እኔም ይህንኑ ወረቀት ገዝቻለሁ። የ3፣ 7፣ 11 ጥያቄ በእኔ ቅጂ ላይ ተራ ቁጥር 22 ሲሆን ቁልፉ እንደተባለው 79 ይላል። ቀደም ብሎ በቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ቁልፉ ትክክል ሆኖ ስለተገኘ እዚህም ተሳስተን ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ብሠራውም 820 እየመጣ አስቸገረኝ። በተጨማሪም የ31ኛው ጥያቄ ግማሹ በቀለም ተጨማልቆ አይነበብምና የሚነበብ ቅጂ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

ከቡሬ፦
በ22ኛው ላይ የተሳሳተው ቁልፉ ነው። 79 የ20ኛው ተርም ዋጋ እንጂ ድምሩ አይደለም፤ 3 ላይ 19 ጊዜ 4 ስትደምር 79 ይመጣል፣ ቁልፉን ያዘጋጀው ሰው እዚያው ላይ አቁሟል። ለድምሩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምር፣ 82 ይሆናል፤ ግማሹ 41 ነው፣ 41 በ20 ሲባዛ 820። ደግሞም ሳታሰላ ልታውቀው ትችላለህ፤ ሁሉም ተርም ፖዘቲቭ በሆነበት ተከታታይ የ20 ተርሞች ድምር ከመጨረሻው ተርም ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። ሁለታችሁም በእስክሪብቶ አርሙት። ለ31ኛው የገጹን ፎቶ ላክ፤ ከአማራጮቹ ሁለቱ ከተነበቡ ጥያቄው ምን እንደነበር መገመት ይቻል ይሆናል።

ከአማኑኤል፦
መብራት ስለጠፋ ጠዋት አነሣዋለሁ። የሚነበቡት አማራጮች ሀ እና ሐ ናቸው፤ ሀ «ከ0 ይበልጣል»፣ ሐ «ዲተርሚናንቱ 0 ነው» ይላሉ።

ከቡሬ፦
ኢንቨርስ የሌለው ማትሪክስ የቱ ነው የሚል ጥያቄ ይመስላል፤ እንደዚያ ከሆነ መልሱ ሐ ነው። ፎቶውን ሳላይ ግን አጥቁር አልልህም።