ለሃይሮክስ ምን ልልበስ? ቦርሳዬ ውስጥስ ምን ይግባ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ ላይ በሚደረገው ሃይሮክስ (ሩጫና የጂም ሥራ እየተፈራረቁ የሚሠሩበት ውድድር) ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በሴቶች ደብልስ፣ ማለትም በጥንድ፣ ተመዝግበናል። አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ብርዱ አያሳስበኝም፤ አለባበሱ ግን ግራ ገብቶኛል። ሶሉ ወፍራም የሆነ የመሮጫ ጫማ አለኝ፣ እሱ ይበቃል? ታይት ይሻላል ቁምጣ? ጓንትስ ያስፈልጋል? ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚውልብኝ። ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባቴን አነጋግሬያለሁ፣ ምን ቀምሼ እንደምገባ ብቻ ንገሩኝ።

ስሌድ ገፊዋ፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሩጫው ነው፤ ጫማ የሚመረጠው ግን ለስሌዱ፣ ክብደት ተጭኖበት መሬት ላይ ለሚንሸራተተው ብረት ነው። ስምንት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር አብራችሁ ትሮጣላችሁ፣ በየመሃሉ ያለውን ሥራ ደግሞ ትካፈላላችሁ። ሁለተኛው ሥራ ስሌድ መግፋት ነው፦ ለእናንተ ከነስሌዱ 102 ኪሎ፣ ምንጣፍ ላይ፣ 50 ሜትር። ጫማሽ ካልያዘ እግርሽ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስሌዱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያንን ወፍራሙን ገልብጪና የታችኛውን ጎማ በአውራ ጣትሽ ፈተግ አድርጊው። ጣትሽን ያዝ ካደረገው ደህና፣ ሙልጭ ካለ ግን ለመንገድ ሩጫ ተይው። ሶሉ በጣም ከፍ ያለ ከሆነም የአሸዋ ከረጢቱን ተሸክመሽ ላንጅ (ጉልበት እያጠፉ በረጅሙ መራመድ) ስትሠሪ ቁርጭምጭሚትሽ ይወላገዳል። አዲስ ብትገዢ እንኳ በውድድሩ ቀን አታስመርቂው።

ልብስ ላይ ታይት፣ ያለ ክርክር። ላንጁ 100 ሜትር ነው፤ በየእርምጃው ጉልበት ወለል ካልነካ ዳኛው ዝም አይልሽም። በርፒውም 80 ሜትር ሙሉ በደረት እየተኙ እየተነሱ መዝለል ነው። ቁምጣ ለብሰሽ ከገባሽ ማታ ሻወር ውስጥ ጉልበትሽ ይነግርሻል። የታይቱ ወገብ ጠበቅ ያለ ይሁን፣ የቀዘፋው ማሽን ላይ ቢወርድ ሁለቱም እጅሽ ተይዟል። ማተብሽን ከልብስ ሥር አስገቢው፣ በርፒ ላይ መስቀሉ ጥርስ ይመታል። ሹሩባውንም ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ተሠሪ፤ በዋዜማው ከሆነ ግንባርሽ ተወጥሮ ነው የምትሮጪው።

የሰዓት መቁጠሪያው ቺፕ ቁርጭምጭሚት ላይ ስለሚታሰር ረዘም ያለ ካልሲ አድርጊ፣ ባዶ ቆዳ ይልጣል። ጓንት ለእኔ ትርፍ ነው።

ቦርሳ ውስጥ መታወቂያ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ቱታ፣ የሚቀየር የውስጥ ልብስ፣ ሁለት ፌስታል። ፌስታሉን አትናቂው፣ የላቡ ልብስ ደረቁን ሁሉ ያበላሽብሻል። ብርዱ አያሳስበኝም ያልሽውም የሚሠራው እስክትጨርሺ ነው፤ ላብሽ ሳይደርቅ ውጭ ስትወጪ የማርች ንፋስ ይቀበልሻል።

የአሌክሳንድሪያው፦
በጓንቱ አልስማማም። ስሌድ መሳቢያው ገመድ እጅ ይልጣል፣ በተለይ ቢሮ ለሚውል ሰው። ቀጭን ጓንት ታይቱ ወገብ ላይ ሸጎጥ ብታደርጊ ምን ይጎዳል? ማውለቁ ሁለት ሴኮንድ ነው፣ ደብልስ ላይ ደግሞ ጓደኛሽ ስትስብ አንቺ ታወልቂያለሽ። ሂጃብ ለምትለብሱ እህቶች፣ ባለቤቴ የምትለው ያለ መርፌ በጭንቅላት የሚጠለቀውን የስፖርቱን ነው፤ ዎል ቦል ላይ ኳሱን ግድግዳው ላይ የምትወረውሪው ሽቅብ እያየሽ ስለሆነ የሚታሰረው ይፈታል።

መኪና ይዘሽ እንዳትመጪ። ውድድሩ የሚደረግበት ኮንቬንሽን ሴንተር ሥር የሜትሮ ባቡሩ ግሪን እና የሎ መስመር ይቆማል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ መጥተሽ ጋለሪ ፕሌስ ትቀይሪያለሽ።

ስሌድ ገፊዋ፦
እሺ ጓንቱን ትያዝ፣ ለፎቶም ያምራል። 😄

ምግቡን ረስቼው፦ በሶ። ያለ ቅቤ፣ በትንሽ ጨውና በስኳር፣ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጠሽ። ሙዝ ከተስማማሽ ጨምሪ። ውኃ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይሰጣል፣ ጠርሙስ ይዘሽ አትሩጪ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጫማዬን ፈተግኩት፣ ሙልጭ ነው 🙈 ቅዳሜ ሌላ ፍለጋ እወጣለሁ። በሶውን ስንት ሰዓት ቀድሜ ልጠጣ?

ስሌድ ገፊዋ፦
ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ፣ ቀጠን አድርገሽ። ከወፈረ በርፒው ላይ ተመልሶ ይመጣል።